የነቃ ማድጋ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ መስመሩንም ይስታል። ሃሌታው ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ ይምታቱብኛል፤ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሼ የቀረሁ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው የጻፍኩት። ፊደሉን እያረማችሁ ነገሩን አንብቡልኝ።

ድሮ ነው አልልም፤ ዛሬ ነውም አልልም። በሁለት ተራራ መሐል አንድ ሸለቆ ነበረ። ውሃው የማይጎድል፣ ሣሩ የማይደርቅ አገር ነው። አንድ ክፉ ነገር ብቻ ነበረበት። በየቀኑ ፀሐይ መሐል አናት ላይ ስትደርስ ከላይ ከገደሉ አፍ አንድ ለስላሳ ነፋስ ይወርዳል። አቧራ አያነሣም፣ ቅጠል አያረግፍም። የሸለቆው ሰዎች ስሙን እሹሩሩ ብለውታል፤ ሕፃን እንደምታስተኛ እናት ቀስ ብሎ ጆሮ ሥር ስለሚያንጎራጉር። እሹሩሩ ሲነፍስ ተኝቶ የተገኘ ሰው፣ በእንቅልፍ ልቡ የጠየቁትን ሁሉ «እሺ» ይላል። ሲነሣ ያለውን አያስታውስም፤ ሳይፈጽመው ግን አያድርም። ስንቱ እሺ ብሎ ወንድሙን ከዳ፣ ስንቷ እሺ ብላ ትዳሯን በተነች! ማግስቱን «ምን ነካኝ?» ብሎ መሬት መደብደብ ብቻ ነው።

ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ባሕታዊ ወደ ሸለቆው መጣ። የሰዉን መከራ አይቶ እንዲህ አለ፦ «ነፋሱን ማስቀረት አትችሉም። መተኛቱን ግን መተው ትችላላችሁ። እሹሩሩ ሲወርድ ካላችሁበት ተነሡ። ቤት ያለ የበሩን መቃን ይያዝ፣ እርሻ ላይ ያለ ሞፈሩን ይያዝ። አቤቱ፣ ልቤን አንቃልኝ እያላችሁ ቁሙ። ነፋሱ ያልፋል።» ሊሞት ሲል ደግሞ በሸለቆው መግቢያ ባለው ድንጋይ ላይ አንድ ቃል ቀርጾ አለፈ። ቃሉም «የነቃ ቤት አይወድቅም» የሚል ነበር። ሌላ አልጨመረበትም። ባሕታዊ ነገር ማብዛት አይወድም።

ሰዉም እንደተነገረው ኖረ። እኩለ ቀን ሲሆን ሞፈሩ ይቆማል፣ ገበያው ጸጥ ይላል፣ ሁሉም በያለበት ቆሞ ይጸልያል። የሚያንቀላፋ ልጅ ካለ እናቱ ጆሮውን ትቆነጥጠዋለች። ነፋሱ ሲያልፍ ጎረቤት ጎረቤቱን «ነቅተህ ዋልክ?» ይለዋል። ያኛውም «ፈጣሪ ይመስገን፤ አንተስ?» ይላል። የአገሩ ሰላምታ ይኸው ነበር።

በሸለቆው ዳርቻ፣ ሸክላ አፈሩ ካለበት፣ አትጠገብ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከልጇ ከስንዱ ጋር ትኖር ነበር። ሰው ሁሉ ውሃ የሚጠጣው አትጠገብ በሠራችው ማድጋ ነው። አትጠገብን ግን ቤቱ አያስገባም። «እጃቸው ጭቃ ነው፤ ዓይናቸውም ደግ አይደለም» ይባላል። ሠርግ ሲኖር እናትና ልጅ ከአጥር ውጭ ይቀመጣሉ፤ ድርሻቸው በኮባ ቅጠል ተደርጎ፣ በእንጨት ተገፍቶ ይደርሳቸዋል። ለዚህ ነው ስንዱ እኩለ ቀንን የምትወደው። በዚያች ሰዓት ባላባቱም ሸክላ ሠሪዋም እኩል ይቆማሉ፤ እኩል ይፈራሉ፤ አንድ ጸሎት ይጸልያሉ። ወንበር የሚባል ነገር በዚያች ሰዓት ለማንም አይሠራም።

ታዲያ አንድ አዲስ ንጉሥ ነገሠ። ሆዱ ሰፊ ነው፤ ምሳ በልቶ መቆም ሞቱ ነው። «አባቶቻችን በእርግጥ ምሳ ይበሉ ነበር?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ይህን ጊዜ አንድ እንግዳ መጣ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ የወረደው ነፋሱ በሚወርድበት መንገድ ነው አሉ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶም እግሩ ላይ አቧራ አልነበረም።

እንግዳው ንጉሡ ፊት እጅ ነሥቶ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ድንጋዩ ላይ ቁሙ የሚል ቃል አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አለ ንጉሡ።

«ጸልዩ የሚልስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«የነቃ ቤት አይወድቅም ይላል።»

«ቤት!» አለ እንግዳው፤ ሳቅም አለ። «የነቃ ሰው አይልም፤ የነቃ ቤት ነው የሚለው። ቤት ዓይን አለው? ቤት ይተኛል? ይነሣል? ቃሉን አላወቃችሁትም ማለት ነው። ስለ መንቃት የሚያውቅ ሰው ይጠራልኝ።»

«ማን ይጠራ? ካህን?»

«ኧረ ሸክላ ሠሪ ይበቃል።»

አትጠገብ ተጠራች። ቤተ መንግሥት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ምንጣፉን እንዳታቆሽሽ ገለባ ተነጥፎላት፣ በገለባው ላይ ቆመች።

«ሴትዮ፣ ማድጋ ነቃ የሚባለው መቼ ነው?» አላት እንግዳው።

«ሲሰነጠቅ ነዋ፣ ጌታዬ። ጭቃው ደህና ሳይታሽ ሲቀር፣ ወይ ሳይደርቅ እሳት ሲገባ ይነቃል።»

«የነቃ ማድጋ ምን ያደርጋል?»

«ያፈሳላ! ሌላ ምን ሊያደርግ ኖሯል?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አትጠገብ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባትና፣ «ድንጋዩ ላይ ያለው መንቃት ግን ሌላ ነው። ያኛው የልብ—» ስትል እንግዳው እጁን አነሣ።

«በቂ ነው፣ እናመሰግናለን» አላት። ገለባው ከነእሷ ተጠርጎ ወጣ።

በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ። «የሰማህ ላልሰማው ንገር! እስከ ዛሬ የአባቶችን ቃል በስሕተት ስንቆምበት ኖረናል። መንቃት ማለት መሰንጠቅ እንደሆነ ከራሷ ከሸክላ ሠሪዋ አፍ ተረጋግጧል። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት በደጃፉ ባላ ላይ አንድ የነቃ ማድጋ ያስቀምጥ። ማድጋው የነቃለት ቤት ነቅቷል። ባለቤቱ ቢፈልግ ይቀመጥ፣ ቢፈልግ ይጋደም!»

እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ለካ ሁሉም ደክሞት ኖሯል።

አትጠገብ አዋጁን ስትሰማ የያዘችውን ጭቃ ጣለችው። «ቃሌን ሰረቁኝ» አለች። «ስንዱዬ፣ የእውነት ቃሌን ነው የሰረቁኝ። ውሸት ብናገር ይሻል ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ሹመት ተፈለፈለ። የሹሞቹ አለቃ ሊቀ ንቃቃት ተባለ፤ ስሙ ጓንጉል ነው። ሊቀ ንቃቃት ጓንጉል ጠዋት ጠዋት ከውሃ ተሸካሚ አሽከሩ ጋር በየደጃፉ ይዞራል። ማድጋው ውስጥ ውሃ ያስጨምርና ጎንበስ ብሎ ያያል። ካፈሰሰ «ነቅቷል!» ይላል። ካላፈሰሰ «አንቀላፍቷል!» ይልና በያዘው ዘንግ መታ ያደርገዋል። ወዲያው ይነቃል። ስንጥቅም ማዕረግ አወጣ። ለተራው ሰው የፀጉር ስንጥቅ፣ ለጭቃ ሹም የጣት ስንጥቅ፣ ለመኳንንት ከአፍ እስከ ቂጥ የወረደ የመብረቅ ስንጥቅ ተፈቀደ። ከማዕረጉ በላይ አስነቅቶ የተገኘ ይቀጣል። የቤተ መንግሥቱ ማድጋማ ከመንቃቱ ብዛት ማድጋ መሆኑ ቀርቶ በገመድ የታሰረ ገል ሆነ። መኳንንቱ ዙሪያውን ቆመው «እንዴት ያለ ንቃት ነው!» ይሉ ነበር።

ደህና ማድጋ ሁሉ እየተሰበረ አለቀ። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ሳያልቅ ለመድረስ ይሮጣሉ። መንገዱ ጭቃ፣ ቤቱ ውሃ ጥም ሆነ። እኩለ ቀን ሲሆንም ያ ሁሉ ሕዝብ ማድጋውን ደጁ ላይ አስቀምጦ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ይተኛል። ሲነሣ ደግሞ ያላለውን ብሎ ያገኘዋል።

አያ ቢምረው የሚባሉ ገበሬ አንድ ቀን ከብታቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወደ ምንጩ ቢሄዱ ታጥሮ አገኙት። አጥሩ ሥር ሊቀ ንቃቃት ጓንጉል ቆሟል።

«ምንጩ የቤተ መንግሥት ሆኗል። መንደሩ ሰጥቶናል» አላቸው።

«ማን ነው የሰጠ?»

«አንተ ራስህ! ትናንት እኩለ ቀን ጠየቅንህ፤ እሺ አልክ።»

«ተኝቼ ነበር እኮ፣ ጌታው!»

«ምን አልክ?» ጓንጉል ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «ማድጋህ ነቅቶ የለም እንዴ? እኔው ራሴ ያየሁት ነው። በነቃ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ተኝቻለሁ ካልክ ማድጋህ ዋሸ ማለት ነው። ማድጋው ከዋሸ ባለ ማድጋው ወንጀለኛ ነው። እስቲ እንደገና ተናገር፤ ተኝተህ ነበር?»

አያ ቢምረው ከብቶቻቸውን አዩ፣ አጥሩን አዩ።

«ነቅቼ ነበር» አሉ።

«ጎበዝ! ታዲያ ያልከውን ታውቃለህ።»

ከምንጩ ቀጥሎ ግጦሹ ሄደ። ከግጦሹ ቀጥሎ ወጣቶቹ ለቤተ መንግሥት አጥር ጠባቂነት ሄዱ። ማንም ክፉ አልተናገረም። ሁሉም እሺ ብሏል፤ ሁሉም ነቅቶ ነበር።

በሸለቆው ዳርቻ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ እሹሩሩ ሲወርድ መቃናቸውን ይዘው ይቆሙ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ያለው ማድጋም ድፍን ነው። ሰዎች በሩቁ ሲያልፉ «እነዚያ እንቅልፋሞች» ይሏቸዋል። ስንዱ አንድ ቀን ምርር አላት።

«እማዬ፣ እኛ ብቻ ቆመን እኛው እንቅልፋም እንባላለን?»

«ይበሉና። ስም አይቀሰቅስም፣ ስም አያስተኛም።»

«ድሮ አብረን እንቆም ነበር። አሁን በቆምን ቁጥር ይብስ እንለያለን።»

እናቷ ጭቃ ማሸቷን ቀጠለች።

ማድጋው ሁሉ ተሰብሮ ሲያልቅ ማዕረግ ያገኘ ሰው ሁሉ አዲስ የነቃ ማድጋ ፈለገ። የሚሠራ ግን ጠፋ። ስለዚህ ሊቀ ንቃቃት ጓንጉል ከነአጀቡ ወደ አትጠገብ ደጃፍ መጣ። እዚያ ድረስ ሹም ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ነበር፤ ኋላ ግን ጉዳይ እንዳለው ትዝ አለውና ለቀቀው።

«እንዴት ዋልሽ፣ አትጠገብ?»

«ቆሜ ዋልኩ፣ ጌታዬ።»

አጀቡ ሳቀ። ጓንጉል ግን አልሳቀም። «ከዛሬ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ባለሙያ ነሽ። ከእሳት ሲወጣ የነቃ ማድጋ ትሠሪያለሽ። ከአጥር ውጭ መቀመጥ ቀረልሽ፤ ወንበር ይሰጥሻል።»

«እኔ ድፍን ነው የምሠራው። ሲነቃብኝ ሰብሬ ነው የምጥለው።»

«መንቃት ምን እንደሆነ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አንዴ ቃሌን ወስዳችኋል፣ ጌታዬ። እጄን ግን አልሰጥም።»

ጓንጉል ደጃፏ ላይ ያለውን ድፍን ማድጋ በዘንጉ ጫፍ ነካ አደረገው፤ አልመታውም። «አዋጁ የወጣበት የንቃት በዓል ደርሷል። እስከዚያ ይህ ማድጋ ካልነቃ ከሸለቆው ትወጫለሽ። ግን አትፍሪ፤ ሕጋችን ግፍ አይወድም። ማንም ሰው የገዛ ቤተሰቡ እሺ ሳይል አይባረርም።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ስንዱ አዞረ። «የአንቺ ቤተሰብ ይቺ ብቻ ናት አይደል? ለበዓሉ ተጋብዛለች። ቦታዋ ከንጉሡ እኅት ከእመት በላይነሽ አጠገብ ነው፤ በወንበር።»

ከሄዱ በኋላ ስንዱ ዘንጉ የነካውን የማድጋ ጎን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ወንበር የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

«አልሄድም፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ።

«ካልሄድሽ አመፁ ብለው ሁለታችንንም ያስሩናል። ሂጂ። ነፋሱ ሲመጣ ግን ቂጥሽ ወንበሩን ሳይለምድ ተነሽ።»

«እማዬ ደግሞ!»

«አልቀለድኩም። ፈተና ጎራዴ ይዞ አይመጣብሽም፤ ጎራዴማ ቢይዝ እንቅልፍ መቼ ይወስደን ነበር? ደስ የሚልሽን ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ጸሎቱ ቢጠፋብሽ እንኳ፣ አቤቱ በይ፣ ይበቃል።»

በዓሉ ደረሰ። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ዳስ ተጥሎ፣ አገሩ ሁሉ በማዕረጉ ተቀምጧል። እመት በላይነሽም እዚያ ናቸው፤ ጣቶቻቸው በቀለበት የተሞሉ፣ ሽቷቸው ከሩቅ የሚጣራ። ስንዱ ቀሚሷን በእጆቿ ሰብሰብ አድርጋ በር ላይ ስትቆም፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ ጠጋ በይ!» አሉና ክንዷን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ክንዷን ያዙ! ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየ። ወንበሩ ለስላሳ ነበር። ስንዱ የምታደርገው ጠፍቷት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ደበቀቻቸው።

«ምነው አትበይም? ምነው አፈርሽ?»

«በልቻለሁ፣ እመቤቴ።»

«የት አባሽ በላሽ? እንዲህ የመሰለውን የት ታገኚዋለሽ!» እመት በላይነሽ ሳቁ። ሳቃቸው የእናት ሳቅ ይመስላል። ከዚያ በቅቤ የራሰውን የጠቦት ሥጋ ከእንጀራው ጋር ጠቅልለው፣ ጨፈቅ አድርገው፣ በገዛ እጃቸው ወደ አፏ አመጡ። «እንቺ። ከእጄ ዋጪ።»

በዚያ ሸለቆ ሸክላ ሠሪ ያጎረሰ እጅ ታይቶ አይታወቅም። ቀለበቶቹ የስንዱን ከንፈር ነኩ። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ጉንጮቿ ተነፉ፤ መኳንንቱም «ይሁንልሽ! ይሁንልሽ!» እያሉ አጨበጨቡ። የአንዳቸውም ፊት ላይ መጸየፍ አልነበረም።

ይህን ጊዜ ፀሐይ መሐል አናት ላይ ደረሰች፤ እሹሩሩ ወረደ።

በመጀመሪያ ንጉሡ ወደ ጎኑ ዘንበል አለ። ሊቀ ንቃቃት ጓንጉል አፉን ከፍቶ ማንኮራፋት ጀመረ። የእመት በላይነሽ ራስ ቀስ ብሎ በስንዱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከበሮ መቺው በከበሮው ላይ፣ አሳላፊው በማዕዱ ላይ ተኛ። ስንዱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ሰውነቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያች ሰዓት መተኛትን አልለመደም። መነሣት ግን ነበረባት። ልትነሣ ስትል በትከሻዋ ላይ ያለው ራስ ከበዳት።

ያን ጊዜ እንግዳውን አየችው። በተኙት መሐል ኮሽ ሳያደርግ እየተራመደ፣ በየጆሮው ጎንበስ ይላል። ለአንዱ፣ «ጎረቤትህ ጠላትህ ነው» ይለዋል። ያኛው ሳይነቃ «እሺ» ይላል። ለሌላው፣ «የመጨረሻ ልጅህን ላክልን» ይለዋል። «እሺ።» ለጓንጉል፣ «ከሰው የተሻልክ ነህ» አለው። «እሺ» አለ ጓንጉል፤ ለዚህስ እንቅልፍም አያስፈልገው። በመጨረሻ ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ እጅ መንሣቱን ተወ፤ አንቱታውንም ተወ። «ስማ፣ አንተ። ንጉሡ እኔ ነኝ» አለው።

«እሺ» አለ ንጉሡ፤ ለሃጩንም አዝረበረበ።

ስንዱ ደነገጠች። ያ ሁሉ አገር ስለ መንቃት ሲሾምና ሲሸልም፣ እሹሩሩ ሲነፍስ እንቅልፍ የማያውቀው ሹም ያ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ኖሯል።

እንግዳው ዞር ሲል ክፍት ዓይኖቿን አየ። መጥቶም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አንቺ አልተኛሽም» አላት። ድምፁ አላስፈራም። «ለእነዚህ ነው ነቅተሽ የምትጸልዪላቸው? ትናንት በእንጨት እየገፉ ላበሉሽ? ተያቸው። እኔ ግን ያየሁሽ ገና ስትገቢ ነው። እጆችሽን ለምን ደበቅሽ? እንዲህ ያለ እጅ አይደበቅም።» ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ቀረበ። «እናትሽ ኖራለች፤ በቅቷታል። እሷ ትውጣ፣ አንቺ በዚህ ወንበር ላይ ቅሪ። ይቺ ሴትዮ ነገም ታጎርስሻለች፣ ከነገ ወዲያም። እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው። እሺ በይኝ።»

ስንዱ ዝም አለች።

«እሺ በይኝ፣ ስንዱዬ» አላት። እናቷ የምትጠራትን አጠራር ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ስንዱ ዓይኖቿን ሳታርገበግብ አየችው። ቃል አልወጣትም። እንግዳው ጠበቀ። ነፋሱ እየሳሳ መጣ። እንግዳው እንደገና ጠየቃት፤ በዚህ ጊዜ ልስላሴው ተሟጦ ነበር። «አንድ ቃል ነው ያልኩሽ! አፍ የለሽም?» ስንዱ ዝም። ከዚያ የዳሱ ቅጠል ጸጥ አለ፤ ነፋሱ አለፈ፤ ሰዉም እየተንጠራራ ተነሣ።

እንግዳው ፊቱ ተለዋውጦ ቆመና፣ «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እሺ ያላለች አንዲት ብቻ ናት!» ብሎ ጮኸ። ጣቱን ወደ ስንዱ ቀሰረ።

እመት በላይነሽ ራሳቸውን ከትከሻዋ ላይ አነሡ። ያጎረሰ እጃቸውን አዩት፤ አሽከር ጠርተውም እዚያው በፊቷ በአመድ አሹት፤ ታጠቡት። ሊቀ ንቃቃት ጓንጉል ብድግ አለ። «ከእነ ልጇ! የማይነቃ ዘር ነው!» አለ። «እሺ ባይ የሌለበት ቤት የአገሩ ቤት አይደለም፤ ሁለቱም ይውጡ!» ሕዝቡም ከየደጃፉ ገሉን እያነሣ እናትና ልጅን እስከ ሸለቆው መግቢያ ወረወረባቸው። አያ ቢምረውም ወርውረዋል።

እናትና ልጅ ተራራውን ተሻግረው ሸክላ አፈር ያለበት ቦታ ሰፈሩ። እሹሩሩ እዚያም ይደርሳል፤ የማይደርስበት አገር ሰምተንም አናውቅ። አትጠገብ እንደ ልማዷ ትቆማለች። ስንዱም ከጎኗ ትቆማለች፤ የጸሎት ቃል ግን ከአፏ አይወጣም።

ሲሰነብት ከሸለቆው ሰው ይሸሽ ጀመር። ውሃ የጠማው፣ ልጁን የወሰዱበት፣ ነቅቼ ነበር ማለት የታከተው ሁሉ ተራራውን ይሻገራል። እንደደረሰም «ያቺ እሺ ያላለችው ልጅ የታለች?» ብሎ ይጠይቃል። አትጠገብ ከስንዱ የሰማችውን ጥቂት በራሷ ግምት እየሞላች ትነግራቸዋለች። በወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አገር ሁሉ ተኝቶ፣ ፈታኙ ፊት ለፊቷ ሆኖ፣ እንዴት አንድ ቃል እንዳልመለሰችለት፣ ዝም ብላ በልቧ እንዴት እንደጸለየች ስትነግራቸው ዓይኗ ያበራል። «ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ ከሠራሁት ሁሉ ድፍኑ ይቺ ናት» ትላለች። ስንዱ ታቀረቅራለች። ባቀረቀረች ቁጥር «ትሕትናዋን እዩት!» ይላሉ።

ቀስ በቀስ አዲስ ልማድ መጣ። ነፋሱ ሲወርድ ስደተኞቹ መጸለዩን ትተው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ መጫን ጀመሩ። «እንደ ስንዱ!» ይባባላሉ። የሚጸልይ ሰው ሲያዩ «ዝም በል፣ ልታስጥለን ነው?» ብለው ይቆጡታል። ተቀምጦ መጫን ይቻላል ተባለ። ቀጥሎም ተጋድሞ መጫን ተፈቀደ። አንዱ ደግሞ «አፉን ያልጫነ እንዳይኖር የሚዞር አንድ ሹም ያስፈልገናል» አለ፤ ብዙዎች ተስማሙ።

በመጨረሻ፣ እሳቸውም ሸሽተው የመጡት አያ ቢምረው ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስጎተቱ። መሮና መዶሻቸውን ይዘው፣ ሰዉም ተሰብስቦ ሳለ፣ «ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቃል እንተው» አሉ። «ዝም ያለ አይወድቅም ብዬ ልቀርጽ ነው።»

አትጠገብ እልል አለች። መሮው ድንጋዩን ነካ።

«አያ ቢምረው» አለች ስንዱ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ የሰሙት ዞረው አዩዋት። ፊቷ ቀላ። «እባክዎ አይቅረጹት።»

«ለምን ልጄ? ያንቺው ዝምታ እኮ ነው!»

«እኔ ዝም ያልኩት እየጸለይኩ አልነበረም።»

«ታዲያ?»

«አፌ ውስጥ ጉርሻ ነበር።»

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። እናቷ አልሳቀችም። ስንዱ ወደ ሰዉ ማየት አልቻለችም፤ ወደ እናቷ ብቻ እያየች ተናገረች።

«እናትሽ ትውጣ ሲለኝ እሺ ልለው ነበር፣ እማዬ። በልቤ ብየዋለሁ። በአፌ እሺ ለማለት ግን ጉርሻውን መዋጥ ነበረብኝ። መዋጥ አልፈለግሁም። እንደዚያ ያለ እጅ አጉርሶኝ ስለማያውቅ እንዳያልቅብኝ ብዬ በጉንጬ ይዤው ነበር። ነፋሱ ሲቆም ገና አልዋጥኩትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም እኩለ ቀን ሲሆን፣ እናንተ በእኔ ስም አፋችሁን ስትጭኑ፣ እኔ አፌ ውስጥ የሚመጣብኝ ያ ጣዕም ነው። ዛሬ ነይ ቢሉኝ አልሄድም ብዬ መማል አልችልም።»